ከስፒልህ ሥር የነበረችው ቡናማ ቤት

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ አፍሬ ነው። በሙት ዓመትህ ሰው ሁሉ ስለ እጅህ ጥበብ ሲያወራ፣ እኔ ሳህን አጥባለሁ ብዬ ጓዳ ገብቼ ቆየሁ። አሁን ግን ያሳፈረኝ ነገር ታትሞ ወጥቷልና ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከእኔው ስማው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፤ ከካሳራኒው ቤታችን አልወጣም ብላለች። ወንድሜ ሳምሶን ኢምባካሲ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ከእሱ ጋር እንድትኖር ቢለምናት፣ የአውሮፕላኑ ጩኸት ያሳብደኛል አለችው። አከራዩ በስንት ጭቅጭቅ ትልቅ የውኃ ታንከር ስላቆመ ቢጫዎቹ ጀሪካኖችህ ሥራ ፈትተዋል፤ እማዬ አንገታቸውን ቆርጣ ሱኩማ ጎመን ተክላባቸዋለች። ቅጠሉን አባጨጓሬ ሲበላው አትገድለውም። "የእሱ ከብቶች ናቸው" ትላለች።

ከብቶችህ! ቀኑን ሙሉ ሙዚየም ውስጥ ነፍሳት በስፒል ስትወጋና ስታደርቅ ውለህ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ በረንዳው ላይ በማርማላታ ጠርሙስ አባጨጓሬ ታረባ ነበር። አሥር ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ አንዱ አባጨጓሬ ከሳ። ከሆዱ አንዲት ትል ወጣችና ከጠርሙሱ ክዳን በክር ተንጠልጥላ ቡናማ ቤት ፈተለች። ከቀናት በኋላ ከዚያች ቤት ትንኝ የምታክል ቀጭን ተርብ ብቅ አለች። እናቷ እንቁላሏን አባጨጓሬው ውስጥ ጥላ እንደሄደች፣ ልጅቷም ውስጡን እየበላች እንዳደገች አንተ ስትነግረኝ፣ ሁለት ቀን እራት አልበላም አልኩ። ተርቧን ወደ ሙዚየሙ ወሰድካት። በትንሽ ወረቀት ጫፍ ላይ አጣብቀህ በስፒል አቆምካት፤ ቤቷን በካርቶን ቁራጭ ለጥፈህ ከሥሯ አደረግክ፤ ከዚያ በታች በደቃቅ ጽሕፈትህ ቦታውን፣ ቀኑንና ስምህን ጻፍክ፤ ደምሴ።

ከዚያ እኔ ተማርኩ፣ ዶክተር ተባልኩ፣ ወደዚያው ሙዚየም መጥቼም ያንተኑ የናሙና መሳቢያዎች ከፈትኩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ የእነዚህን ተርቦች ዝርያ የሚለይ ነበር። ያንተዋ መልኳ ከአንድ የታወቀ ዝርያ ጋር አንድ መሰለኝ። ያስቸገረችኝ ቤቷ ነበረች፤ የዚያ ዝርያ ልጆች ተሰባስበው ነጭ ቤት ይሠራሉ እንጂ ብቻቸውን በክር አይንጠለጠሉም። አንተም በሻይ ሰዓት መጥተህ፣ ይቺኛዋ ሌላ ናት፣ ስትወጣ በዓይኔ አይቻታለሁ አልከኝ። ከውጭ የመጡ እንግዶች አጠገቤ ስለነበሩ አባዬ አላልኩህም። "እናየዋለን፣ አቶ ደምሴ" ብዬ ሸኘሁህ። ከዚያም ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቤቷ በናሙናው አዘጋጅ ስህተት የተለጠፈች ናት ብዬ ጻፍኩ። አዘጋጁ አንተ ነህ። ሲታተም ቅዳሜና እሑድን ሙሉ መዝገበ ቃላት ይዘህ አነበብከው። ስትጨርስ "በርቺ" አልከኝ።

ዘንድሮ ከዝናቡ በኋላ፣ ከጠረጴዛህ ትይዩ ትቀመጥ የነበረችው ዋንጂሩ ከአንድ የጎመን ማሳ የለቀመችው አባጨጓሬ ተርብ አወጣላት። ቤቷ ቡናማ፣ ብቻዋን በክር የተንጠለጠለች። ካንተዋ ጎን አድርጌ በማይክሮስኮፕ አየኋት። አንድ ናቸው። የሁለቱም የክንፍ ደም ሥር ከታወቀው ዝርያ የተለየ ነው፤ ያን ጊዜም የተለየ ነበር። እኔ ያየሁት ማየት የፈለግኩትን ነው። ዋንጂሩ ሌሎቹን መሳቢያዎች ከፈተችልኝ። ከጽሑፌ ወዲህ ካዘጋጀሃቸው ተርቦች በአንዷም ሥር ቤት የለም። በእኔ ምክንያት ተውከው።

ማረሚያ ጻፍኩ። ተርቧን ከዚያ ዝርያ አውጥቼ ለብቻዋ አቆምኳትና ባንተ ስም ሰየምኳት። ጥፋቴን ግን "በአዲስ ማስረጃ መሠረት" በምትል ሐረግ ሸፈንኳት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይሄ ነው። የመጽሔቱ አርታኢ፣ ሰው ዝርያን በራሱ ስም አይሰይምም ብላ መለሰችልኝ። በእነሱ ዘንድ ደምሴ እኔ ነኛ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ወደ ቤት ስመለስ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ነው የገባኝ። እኛ የምንጠራው በአባታችን ስም ነው፤ ስለዚህ ያን ጽሑፍ የጠቀሰ ሁሉ፣ ስህተቴን "ደምሴ እንዳለው" እያለ ሲጠቅስ ኖሯል። ደምሴ ግን እንዲህ አላለም። ደምሴ ያለው ትክክሉን ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሞኟም እኔ፣ ወረቀቱም የእኔው ነበር። ቲካ መንገድ ላይ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።

ለአርታኢዋ ስለ ስማችን ማስረዳት ነበረብኝ፤ ስለ ስማችን ሳስረዳ ደግሞ ስላንተ መናገር ግድ ሆነ። "አዲስ ማስረጃ" የሚለውን ሰረዝኩ። ማስረጃው አሮጌ እንደሆነ፣ አባቴ በስፒሉ ላይ እንዳስቀመጠው፣ በአፉም እንደነገረኝ፣ እኔ ግን እንዳልሰማሁት ጻፍኩ። ባለፈው ሳምንት ታተመ።

እሑድ ለእማዬ እየተረጎምኩ አነበብኩላት። አልተገረመችም። ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ አናት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወረደችልኝ። ውስጡ ትንንሽ የተርብ ቤቶች፣ እያንዳንዳቸው በወረቀት ተጠቅልለው፣ በላያቸው ያንተ ጽሕፈት፤ የመሳቢያው ቁጥር፣ የስፒሉ ቁጥር። ለካ አልተውከውም። ሂሩት የፈለገቻቸው ቀን ስጫት ብለህ ነግረሃት ኖሯል። አባዬ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጬ ሻይ ጠጥቻለሁ።

ዛሬ ዘጠኙን ከየተርባቸው ሥር መለስኩ። እጄ እንዳንተ አይጸናም፤ አንዷ ላይ ሙጫ አብዝቻለሁ። የቀሩትንም ቀስ ብዬ እመልሳለሁ። ስምህንማ እንዳልረሳው ቃል መግባት አያስፈልገኝም፣ በየወረቀቱ ይዤው እዞራለሁ። ቃል የምገባልህ ሌላ ነው፤ ደምሴ ብዬ ከመፈረሜ በፊት፣ ሁልጊዜ፣ አንተ ምን ብለህ ነበር ብዬ ከስፒሉ ሥር አያለሁ። ያን ቀን በእንግዶቹ ፊት አባዬ አላልኩህም። አሁን በታተመው ላይ "አባቴ" የሚል ቃል አለ፤ እነሱም ያነቡታል።

ልጅህ፣
ሂሩት ደምሴ