የእህቴ ልጅ ባጅ፣ የእኔ ደም

ጥቅምት 6
ሥራ ቀላል ነበር። እኔ ቧንቧ እበይዳለሁ፣ የእህቴ ልጅ ብየዳዬን በጨረር ፎቶ እያነሳች ስንጥቅ ትፈልግበታለች… አጎቷን የምትመረምር ልጅ። ለዚህ ነው ጠዋት ቱታዎቹ ከተሰቀሉበት የጨረር መለኪያ ባጆቻችንን ለቀልድ ያቀያየርኩት። እስከ ምሳ የእኔን ባለጢም ፎቶ ደረቷ ላይ ለጥፋ ዞረች። ማንም ልብ አላለም።
በምሳ ሰዓት የእሷን ባጅ እንደለጠፍኩ ጨረር ክፍሉ ገብቼ ትንሽ አሸለብኩ። ከፋብሪካው ሁሉ ቀዝቃዛው እሱ ነው። ስወጣ ባጆቹን ወደየቱታችን መለስኩ።

ጥቅምት 7
ለካ ትናንት ጨረር የሚያመነጨው ፍሬ ወደ መከላከያ ሳጥኑ ሳይመለስ ቀርቷል። ከምሳ በኋላ እግሯን ስታስገባ የእጅ መለኪያዋ ጮኸባት፣ ሮጣ ወጣች። ባጆቹ ለምርመራ ተላኩ።
እና እኔ እዚያ ነበር ያንኮራፋሁት? ለማንም አልተነፈስኩም።

ጥቅምት 14
የእሷ ባጅ ብዙ ጨረር አሳየ። የእኔ ምንም። ሐኪሙ "መውለዱን ለጊዜው ተዉት" ብሏታል። ከባሏ ጋር ለዘንድሮ ነበር ያሰቡት። ስም ሁሉ መርጠው…
ተናዘዝኩ። ባጁን፣ እንቅልፉን፣ ሁሉንም።
"አጎቴ፣ ልታጽናናኝ ነው።"
"እውነቴን ነው።"
"አምና ጅብ ግቢ ገባ ብለህ ሠራተኛውን ሁሉ ጣሪያ ላይ ስታወጣም እውነትህን ነበር።"
ለሐኪሙም ያንኑ ደገምኩለት።
ሐኪሙ ግን "ደም አይቀልድም" ብሎ የሁለታችንንም ቀዳ።

ጥቅምት 15
መጽሐፍ ሳገላብጥ አመሸሁ። ጤነኛ ክሮሞሶም አንድ ወገብ ነው ያለው። ጨረር ሲሰባብረው ስብርባሪው ያለቦታው ይጣበቅና ባለሁለት ወገብ ይወጣል። መጥፎ ብየዳ በለው፤ ሐኪሙ በደማችን የሚፈልገው እሱን ነው። እኔ አንዱን ወገብ ካጣሁት ስንት ዘመኔ…

ጥቅምት 19
እህቴ ደወለች። "ዋሽተህ ከሆነ ዓይንህን አላይም።" ደሜ ተበላሽቶ ይገኝ ብሎ የሚጸልይ ሰው አለ? አለ።

ጥቅምት 24
የእሷ፦ ከአምስት መቶ ሴል አንድም ብልሽት የለም። የእኔ፦ አሥራ ሁለት ባለሁለት ወገብ። "አሁን አይታመሙም" አለኝ ሐኪሙ፤ "ግን ከጨረር ይራቁ። ደምዎን በየሦስት ወሩ እናያለን።"
ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። እሷ ወረቀቱን እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች።
"ምነው ውሸትህን በሆነ።"

ኅዳር 2
ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድቤያለሁ። ብሎንና እኔ ተፋጠናል። የእህቴ ልጅ የምሳ ሳህኗን ይዛ መጣች።
"እንዴት ነህ?"
"እንደ ወይፈን" ልል አፌን ከፈትኩ… "ፈርቻለሁ" አልኳት።
ቀልዱ እስኪመጣ አልጠበቀችም። አንድ ባዶ በርሜል ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።