ነጭ ሽንኩርቱን የነቀለው ጥጃ

ጅጋ፣ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ ለባንቺአየሁ፣ መራዊ፣ ቆጋ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኅትሽ ሸጋዬስ፣ ልጆቿስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ስልክ ብደውል ስለማታነሺ በወረቀት መጣሁ።

ጓሮሽን ላውራሽ። በጥቅል ጎመኑ መሀል የተከልሽውን ነጭ ሽንኩርት ነቅዬ የጣልኩ ዕለት፣ «እንግዲህ ከጎመንዎ ጋር ይኑሩ!» ብለሽኝ ሄድሽ። ኖርኩ፤ ዘጠኝ ቀን። በዐሥረኛው ትል ወረደበትና ቅጠሉ ወንፊት ሆነ። ሰው «ጎመን በጤና» ይላል፤ እኔ ዘንድ ጎመኑም ጤናውም የለም።

ቢጨንቀኝ አንቺን ወዳስተማረችሽ የግብርና ባለሙያ ወደ ሀኒ ሄድኩ። «የኔታ፣ ትሉን የምትፈለፍለው ቢራቢሮ ጎመኑን የምታገኘው በጠረኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲሸታት መንገዱ ይጠፋባታል» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ቅኔ ሳስተምር፣ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት የሚገናኙት ድስት ውስጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

ትሉን በእጄ ለቅሜ፣ በተረፈው ጎመን መሀል ነጭ ሽንኩርት መልሼ ተከልኩ። ይኸው በቅሏል።

ባለፈው ቅዳሜ ሀኒ የቀበሌውን ሴቶች ሰብስባ «የባንቺአየሁን ጓሮ» ልታስጎበኝ መጣች። እኔም እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ ባለሙያ ማስረዳት ጀመርኩ። አንዷ ጎንበስ ብላ አየችና፣

«የኔታ፣ ጎመኑ እንዲህ አድጎ ሽንኩርቱ ምነው ጨቅላ ሆነ?» አለች።

«የፊተኛውን ጥጃ ነቀለው።»

«ጥጃ ነጭ ሽንኩርት ይበላል እንዴ?»

«ነቀለ እንጂ በላ አልወጣኝም።»

«የማን ጥጃ? እርስዎ ቤት እንኳን ጥጃ፣ ላም የለ!»

ጥምጥሜን አስተካከልኩና፣ «ጥጃው እኔ ነኝ። ልክ የነበረችው ባንቺአየሁ ናት» አልኩ። ሳቁ እስከ አስፋልቱ ተሰማ። አሁን በገበያ ሳልፍ አንዳንዱ ድምፁን ቀንሶ «እምቧ» ይለኛል። ይበለኝ።

ሀኒ ስትሰናበት፣ «ቀጣዩ ጉብኝት መቼ ይሁን?» ብትለኝ «ባለቤቷ ስትመጣ» አልኳት። ባለቤት ያልኩት የጓሮውን ይሁን የእኔን፣ የቅኔ መምህር ሚስት ነሽና አንቺው ፍቺው። ፍቺ ስል የቃሉን ነው፤ ሌላውን ፍቺ እመቤቴ ታርቅልን።

ለሸጋዬ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። ቤቷን ይባርክላት፤ አንቺንም በመንገድሽ ሁሉ መልአኩ ይከተልሽ። ከመራዊ የመጀመሪያው መኪና የሚነሳው ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው አሉ። እንዲያው ጠይቄ ነው።

አክባሪሽ
መሪጌታ ክንፈሚካኤል