ሳይቀመጡ መጠየቅ

እሑድ፣ ነሐሴ 19

ተቀመጥኩ። ሌላ ምን ልጻፍ? ሽማግሌ ሆኜ ሰው ቤት ሄጄ፣ ጉዳያችን ሳይነገር፣ «አረፍ በሉ» ሲሉን አረፍ አልኩ።

ጠዋት ስነሳ ነው ያወቅኩት። ሰማዩ ገና አልጠቆረም፤ የቀኝ ጉልበቴ ግን አልታጠፍም ብሏል። ባለቤቴ አስቴር ፊቴን አይታ «ዛሬ ይዘንባል ማለት ነው?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ስለ አየር ግፊትና ስለ ደመና ዓይነት ስለፈልፍ ኖሬ፣ በገዛ ቤቴ የሚታመነው የአየር ትንበያ ጉልበቴ ነው። ደህና ነኝ አልኳት። ዋሸሁ።

የሄድነው ለወንድሜ ልጅ ለናትናኤል ሚስት ልንጠይቅለት ነው። ሦስት ነን፦ እኔ፣ ጎረቤቶቼ ጋሽ ግርማና ሐጂ ሰይድ። ከላንቻ ካዛንቺስ እስክንደርስ ዝናቡ ወረደ። የልጅቷ አባት አቶ ዘውዱ በክብር ተቀብለው ሳሎን አስገቡን። ጋሽ ግርማ እንደ ወጉ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኚህ ሰው መግቢያቸው ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ስለ ትዳር ክቡርነት፣ ስለ ዘመኑ ልጆች፣ ስለ ክረምቱ መክበድ። ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከኋላዬ ሶፋ ነበር። በቃ፣ ቁጭ አልኩ።

አቶ ዘውዱ ረጋ ብለው «ለጥየቃ ነው የመጣችሁት ማለት ነው፤ ደግ አደረጋችሁ» አሉ። ሻይ መጣ። ስለ ጉዳዩ ትንፍሽ ሳንል ጠጥተን ወጣን። በር ላይ ሐጂ ለምነው ለመጪው እሑድ ቀጠሮ አገኙልን። «ያን ጊዜ ጉዳይ ካላችሁ ቆማችሁ ትነግሩናላችሁ» አሉ አቶ ዘውዱ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 20

ናቲ መጣ። አልተቆጣም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

«ጋሼ፣ ማለቴ... እሑድ በእርስዎ ፈንታ ሌላ ሰው ቢሄድስ? ለእርስዎ ብዬ ነው።»

አባቱ ሲሞት ሦስት ዓመቱ ነበር። ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ፊደል ያስቆጠርኩት፣ ሲታመም በጀርባዬ ያዘልኩት፣ ያኔ ጉልበት ሳለኝ። አሁን ሊያገባ ሲል አጎቱ ቤት ይቀመጥ? እሺ፣ ሰባት ቤት ድረስ ዘር ቁጠሩ ቢሏችሁ ማን ይቆጥራል አልኩት። «በስልክ እልክላቸዋለሁ» አለኝ። ዘር ከስልክ እያነበበ የሚቆጥር ሽማግሌ! ተቆጣሁ። ከዚያ ስለተቆጣሁ ተቆጣሁ።

የፈረደችው አስቴር ናት። «ቅዳሜ እዚሁ ሳሎን፣ እኛ እያየንህ፣ ግማሽ ሰዓት ትቆማለህ። ከቆምክ ትሄዳለህ፤ ካልቆምክ ግን ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ታኮርፋለህ እንጂ ምን ታደርጋለህ።» ተስማማሁ። ምን ምርጫ አለኝ።

ብቻዬን ስሆን ሞከርኩ። ስድስት ደቂቃ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 21

ደመና። ህመም ከአሥር ሰባት።

ባምቢስ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ። ታክሲ ውስጥ ብርድ ገባኝና መስኮቱን ዝጉት አልኩ። አንዱ ወጣት «ፋዘር፣ እኛ እኮ ታፍነን ልናልቅ ነው» አለኝ። ተከራከርን፤ በመጨረሻ ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረገልኝ። መስኮቱን ግን አልዘጋውም።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ሲዘንብ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እስኪያባራ እጠብቃለሁ አልኳት።

«ጋሼ፣ ክረምቱ እኮ ሦስት ወር ነው» ብላ ሳቀች።

እውነት የአየር ጠባይ ያሳምማል ወይ አልኳት። ብዙ ታካሚዎቿ እንደኔ ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ቢዘንብም ባይዘንብም አይለይላቸውም። «የእርስዎን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ይጻፉት። ዝናቡን ግን አላቆምልዎትም። ማቆም የምንችለው መተኛቱን ነው።»

የታዘዝኩት፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። የሞቀ ፎጣ። መራመድ፣ ቢዘንብም። ስቆም ጉልበቴን ገትሬ አለመቆም፤ ክብደቴን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዘዋወር። ሐምሳ ስምንት ዓመት ሙሉ መቆም የምችል ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 22

ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ህመም ስምንት። አልጋ ውስጥ አልገባሁም፤ ይህ በዚህ ቤት ዜና ነው።

ሐጂ ሰይድ ትልቁን ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ እስከ መስቀል ፍላወር በእግር ሄደን ተመለስን። ቀስ፣ ቀስ። እየተመለስን ግንብ ይዘው ቆሙ። ወገባቸው ነው። ከወሎ መጥተው የጨርቅ ንግድ ከጀመሩ ጀምሮ ጣቃ እየተሸከሙ የያዛቸው፣ ክረምት ሲመጣ የሚብስ ህመም አለባቸው። ሃያ ዓመት ስንጎራበት አላውቅም ነበር።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«አንተስ ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

ሁለታችንም ዝናቡ ስር ቆመን ሳቅን። ቤት ስንደርስ «የግርማን መግቢያ ለኔ ተወው» ብለውኝ ሄዱ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 23

ፀሐይ! ህመም ሦስት። ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆምኩ። ጎበዝ ነኝ አልኩ። ከደስታዬ ብዛት የግቢውን ቦይ ጠረግኩ፣ የውሃ ጀሪካን አነሳሁ፣ አስቴር «ተው» ስትል ሁለተኛውን አነሳሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 24

ህመም ዘጠኝ። ጉልበቴ አብጧል። ሰማዩም መልሶ ጠቁሯል። የቱ እንዳሳመመኝ፣ ደመናው ይሁን ጀሪካኑ፣ ጂኦግራፊ አይመልስልኝም።

አራት ደቂቃ። አራት!

ፈራሁ። ህመሙን አይደለም፤ እሱን ለምጄዋለሁ። የፈራሁት ከእንግዲህ በኔ ነገር ሰው የሚወስነው ሰማይ እያየ እንዳይሆን ነው። «ዛሬ ደመና ነው፣ እሱን ተዉት» እያለ። አስቴር ፎጣ እያሞቀች ታስርልኝ ነበር። ይህን ነገርኳት። ፎጣውን ሦስቴ ቀየረችልኝ። ከዚያ «ተነስ፣ ቁጭ ብድግህ ቀርቶሃል» አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 25

ካፊያ። ህመም ስድስት።

ናቲ ስልኩን አውጥቶ ደቂቃ ያዘ። አስቴር እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። አሥር ደቂቃ ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሃሳቤን ለማስቀየር ዘሩን መቁጠር ጀመርኩ፦ ናትናኤል ሙሉጌታ፣ ሙሉጌታ ደስታ፣ ደስታ ወልዴ... ናቲ ስልኩን ትቶ ያየኝ ጀመር። ወልዴ ማን እንደነበሩ ጠየቀኝ፤ ቆሜ ነገርኩት። ገብሬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ስለ አባቱ ጠየቀኝ፤ እንዴት ይስቅ እንደነበረ፣ ኳስ ላይ እንዴት አጭበርባሪ እንደነበረ ነገርኩት። ከግራ እግር ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።

አስቴር ናት ያስታወሰችን። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ሆኖ ነበር።

«እርስዎ ነዎት የሚሄዱት» አለ ናቲ።

እሑድ፣ ነሐሴ 26

ቆምኩ።

ዝናቡ የጉድ ነበር። የአቶ ዘውዱ ቤት ቆርቆሮ ስለሆነ እየጮኽን ነው የተነጋገርነው። ጋሽ ግርማ፣ ሐጂ ምን እንዳሏቸው እንጃ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱ፦ «ልጃችሁን ህሊናን ለልጃችን ለናትናኤል እንድትሰጡን ልንለምን መጥተናል። እሺ እስክትሉን ቆመናል።» እኔም ሐጂም ደንግጠን አየናቸው።

አቶ ዘውዱ ወደኔ ዞሩ። «ዘሩን ይቁጠሩልን።» ቆጠርኩ። ሙሉጌታ፣ ደስታ፣ ወልዴ፣ ገብሬ፣ ተድላ፣ እንግዳ፣ ካሳ። አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። እሳቸው በተራቸው የልጃቸውን ሲቆጥሩ አራተኛው ላይ ጠፋባቸው፤ ታላቅ እህታቸው ከጓዳ ተጠሩ፤ ወንድምና እህት ስለ ቅድመ አያታቸው ስም ተጨቃጨቁ። ከግራ ወደ ቀኝ። ከቀኝ ወደ ግራ። ከዚያ ለምክር ወደ ውስጥ ገቡ። የሐጂ እጅ ወገባቸው ላይ ነበር። አየኋቸው፤ አዩኝ። ያ ሶፋ እዚያው ከኋላዬ ነበር። አልዞርኩም።

ወጡ። «ልጃችንን ሰጥተናል። አሁን ተቀመጡ።»

እልልታው ዝናቡን ዋጠው። ግርማ ተቀመጡ። ሐጂ ተቀመጡ። እኔ ግን እንዴት ብዬ ልታጠፍ? ጉልበቴ ደርቆ ቀርቷል። አቶ ዘውዱ ግራ ተጋብተው «ደግሞ ምን ቀረ?» አሉ። «ምንም አልቀረም፤ ጉልበቴ ነው እምቢ ያለኝ። ያለፈው ሳምንትም እሱ ነበር» አልኳቸው። ለማያውቀኝ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ራሳቸው መጥተው ክንዴን ይዘው ቀስ አድርገው አስቀመጡኝ፤ ከእግሬ ስር ዱካ አስደረጉልኝ። «ይህን ያህል የተቆመለት ልጅ፣ ልጄን አያስከፋትም» አሉ። ማልቀሴን ሁሉም አየ። ይየው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 27

ሰማዩ ጥርት ብሏል። አንድ ደመና የለም። ህመም ዘጠኝ፤ ጉልበቴ ዱባ አክሏል፣ ከአልጋ የወረድኩት በአስቴር ትከሻ ነው።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያሳመመኝ ዝናብ፣ ብርድ፣ ደመና ነበር፤ አንድም ቀን ፈቃዴን ጠይቆኝ አያውቅም። የዛሬውን ግን ራሴ ነኝ ያመጣሁት። ቆሜ ያመጣሁት ነው። ወንበር አስወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ፎጣው እስኪሞቅ እየጠበቅኩ ሳቄ ይመጣል።