ቀይ ስር አይደለም

ውድ እታለም፣

ስልኬን አላነሳ ብትዪ ብዕር አነሳሁ። ሳትጨርሺው ቀደሽ እንዳትጥዪው። ፊደል ብገድፍም ቻይኝ፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ነው የጻፈው።

መጀመሪያ ጥፋቴን። ከአንዲት ቅጠል የወሰድሻቸውን ሕዋሳት ስምንት ወር ሙሉ በቤተ ሙከራችን ጨለማ ክፍል፣ በስኳር ውሃ እየመገብሽ «ቅሉልኝ» ስትያቸው ኖርሽ። ተክሉ ከጫካ ሳይነቀል ማቅለሚያው ከጠርሙስ ይገኝ ብለሽ። እነሱ ግን እንደ ወተት ነጭ! እኔ ጠርሙስ አጣቢው ደግሞ ለቀልድ ብዬ አንዱ ጠርሙስ ላይ የቀይ ስር ጭማቂ ጠብ አደረግሁ። እልል ብለሽ አለቃችንን ጠራሻቸው። እሳቸው አሸተቱት፤ ቀይ ስር ሸተታቸው። «ልታታልይኝ ነው?» ሲሉሽ የቀላውን ጥፍሬን አየሽው፤ ግን አላጋለጥሽኝም። እኔም ለእንጀራዬ ፈርቼ ትንፍሽ አላልኩም። ቦርሳሽን አንጠልጥለሽ ወጣሽ።

ትናንት አለቃችን «ጠርሙሶቿን ቀቅለህ እጠብ፤ ቦታው ይፈለጋል» አሉኝ። ብቆጥር ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለተኛውስ? ለካ ቆጠራ እንድትሳሳቺ ብዬ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ የደበቅሁት እኔው ነኝ! ብገልጠው ፀሐይ ሲመታው ሰንብቶ ቀልቷል። «ደግሞ ማን ቀለደብኝ?» አልኩ። በዚያ ሕንጻ ከእኔ ሌላ ቀልደኛ የታለና!

ይዤው ሮጥኩ።

«ደግሞ ቀይ ስር?» አሉ አለቃችን።

«ያኛው የእኔ ተንኮል ነው ጋሼ፣ እሷ የለችበትም። ይሄኛው ግን የእሷ ልፋት ነው።»

በመጨረሻ ወጣልኝ።

«አንተን ማን ያምናል?»

«እኔን አይመኑ። ጠርሙሱን ብቻ ሳይነኩ ይዩት።»

ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሕዋሳቱ ቀስ እያሉ ዘቀጡ። ታች ጥቅጥቅ ያለ ቀይ፣ ላይ ኩልል ያለ ውሃ። ቀይ ስር ቢሆን ውሃው እንደቀላ ይቀር ነበር፤ ይሄ ቀለም ግን በሕዋሳቱ ሆድ ውስጥ ነው። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ፤ እያዛጋሁም ቢሆን ሰምቻለሁ።

አለቃችን መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ። «እህትህን ጥራልኝ፤ ይቅርታ ልበላት» አሉ። «አንተ ደግሞ ወር ሙሉ ሽንት ቤት ታጥባለህ።»

እፎይ! እንደዚህ ደስ ብሎኝ ሽንት ቤት አጥቤ አላውቅም።

ሰኞ ነይ እንግዲህ። ዐሥራ አንዱንም ከጎኑ ፀሐይ ላይ ደርድሬልሻለሁ። ያንን የቀላውን ግን ማንም እንዳይጠረጥርሽ ፕላስተር ለጥፌ ጻፍኩበት፦ «ቀይ ስር አይደለም»።

ጥፍሩ የነጣ ወንድምሽ