ከላይ የተቆጠሩ እግሮች

እኔ በሰፈሩ «ሽቦ» እየተባልኩ የምጠራው፣ የስልክ ቤት ጡረተኛና የሬዲዮ ጠጋኝ የሆንኩት ሴት፣ ዛሬ ረቡዕ ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ዓመቱን ጸሐፊው በወረቀቱ ራስጌ እንዳሰፈረው፣ አእምሮዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ኑዛዜ በቃሌ ተናግሬ አጽፌአለሁ። ጉልበቴ ከድቶኛል፤ ልቤም አንዳንዴ እየዘለለች ትመታለች። ጭንቅላቴ ግን በቦታው ነው። ከምስክሮቹ አንዷ፣ ነርሷ፣ ዕለቱን ጠይቃኝ በትክክል መልሼላታለሁ፤ ቀጥላ ስሟን ብትጠይቀኝ «ምነው፣ ጠፋብሽ እንዴ?» ብያታለሁ። ይህም ይጻፍ።

የአእምሮዬን ነገር ያስቀደምኩት ለወጉ ያህል አይደለም። አንድያ ልጄ በመጪው ሳምንት ሐኪም ይዞ ሊመጣና «እናቴ ጃጅታለች» አሰኝቶ ሞግዚት ሊያሾምብኝ ተሰናድቷል። ከዚያ በኋላ የምናገረው ሁሉ እንደ ሕፃን ወሬ ይቆጠራል። ስለዚህ ቃሌ ቃል ሳለ ልናገር።

የምናዘዝበት ክፍል በቤቴ ፎቅ ላይ ያለው የጓሮ ክፍል ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ የሚያሳየኝም የጎረቤትን የውሃ ታንከር ነው። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ልጄ ጠዋት ወደ ሥራው ሲሄድ ቁልፉን ለምራቴ አስረክቦ ይወጣል፤ ማታ ሲገባ ይረከባታል። ዛሬ ምስክሮቹ የገቡት እሷ ከፍታላቸው ነው። ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነው፤ የተቃጠለ ቤት ሲያይ ስለሚውል ክብሪት በተጫረ ቁጥር ይደነግጣል። የቆለፈብኝም እንዳልቃጠል ብሎ ነው። እኔ ግን እዚህ ውስጥ ታፍኛለሁ፤ ብነግረው ብነግረው አልሰማኝም። በሕይወት ያለ ሰው ቃል ካልተሰማ እንግዲህ የሟች ቃል ይሰማ እንደሆን እንይ።

አንደኛ፤ ቤቱ ከነዕቃው ለልጄ ይሁን። የአባቱ ላብ አለበትና ሙግት አላነሣበትም። በዚህ በር ላይ ያስገጠመው መቆለፊያ ግን በተቀበርኩ ማግስት ይነቀል። ልጅ ቢወልድ እዚህ እንዲያስተኛው እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ፤ የጆሮ ማዳመጫዬም ለእሱ ይሰጠው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ሴት ልጅ ሽቦ ስትጎረጉር አያምርም» ሲል ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን ድንገት ይህን ማዳመጫ ገዝቶ መጣ። «እንግዲህ ካልተውሽው ጥሩውን ያዢ» አለኝ። ከዚያ የበለጠ የፍቅር ቃል ከሰው አፍ አልሰማሁም። ልጄ ጆሮው ላይ ያድርገውና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ይቀመጥ፤ ዝም ብሎ መቀመጥ አያውቅበትም።

ሦስተኛ፤ የሰው ዕቃ። ሰዓት ሠሪው ያዋሰኝ ማጉያ መነጽር በሱቄ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ይመለስለት። አሁን ከአጠገቤ ቆሞ «ግድ የለም» እያለኝ ነው። ግድ ባይኖረው ኖሮ በመጣ ቁጥር ባልጠየቀኝ። እህቴ የወሰደችውን ትልቁን ሬዲዮ «ተሰበረ» ብላኛለች፤ ነገር ግን በስልክ ስታወራኝ ከጀርባዋ ሲዘፍን ሰምቼዋለሁ። በእጄ ጠግኜው የኖርኩትን ሬዲዮ ድምፁን አላጣውም። ምሬላታለሁ፤ እንደሰማሁ ግን ትወቅ።

አራተኛ፤ ከመንገዱ ዳር ያለችው የጥገና ሱቄ ከነመሣሪያዋ ለምራቴ ትሁን። ልጄ እዚህ ላይ ይቃወማልና ምክንያቴን ሰፋ አድርጌ አስረዳለሁ።

ሙዚቃን በጆሮ ማዳመጫ ለሚሰሙ ሰዎች የሚሆን ባለቫልቭ የድምፅ ማጉያ አለ። ቫልቭ አምፖል የምትመስል፣ ግላ ድምፅ የምታጎላ የመስታወት ዕቃ ናት። ስትሞት ምትኳ አይገኝም፤ የሚሠራት ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። በገበያ ያለችው ሌላ ዓይነት ናት፤ ከሥሯ ያሉት የብረት እግሮቿም ከአሮጌው ሶኬት ጋር አይገጥሙም። እኔ ከሞተችው ቫልቭ መቀመጫዋን እፈታለሁ፤ በላዩ ለአዲሷ የሚሆን ሶኬት እደርብና እግር ከእግር በሽቦ አገናኛለሁ። አዳፕተር እንለዋለን። ባልና ሚስት እንደማስታረቅ ነው፤ አንዳቸውም ሳይለወጡ አብረው ይሠራሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መተዳደሪያዬም ደስታዬም ይህ ነበር።

በዚህ ሥራ እግር የሚቆጠረው ዕቃው ተገልብጦ፣ በታች በኩል እየታየ ነው። ከላይ የቆጠረ ሰው ግራው ቀኝ ይሆንበታል፤ ቫልቭዋን ለሚያግለው ማሞቂያ የታሰበው ኤሌክትሪክ ወደማይገባው እግር ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ጭስ ነው።

ባለፈው ክረምት በሱቁ የሆነውም ይኸው ነው። የደንበኛዬ የጡረተኛው መምህር ማጉያ ተቃጠለ፤ መጋረጃው ተያይዞ ግድግዳው ጠቆረ። ልጄ ሲከንፍ መጥቶ አዳፕተሩን አገላብጦ አየው። በልጅነቱ እግር መቁጠር ያስተማርኩት እኔ ነኝና ስሕተቱ አልጠፋውም። «እማዬ፣ ከላይ ቆጥረሽዋል» አለኝ። እኔም «አዎ» አልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሱቁም እኔም ተቆለፍን። ለዘመድ ሁሉ «እማዬ እግር መቁጠር እንኳ ተሳናት» እያለ ያወራል፤ ለሐኪሙ የሚያሳየው ማስረጃም ያው አዳፕተር ነው።

ይህን በማጽፍበት ጊዜ ምራቴ የያዘችውን ትሪ አስቀምጣ ወደ ጸሐፊው ዞረች። «ይጻፉ» አለችው። «ያንን የሠራሁት እኔ ነኝ። እማማ በዚያን ሰዓት እቤት ተኝተው ነበር። ሠርቼ ላስደንቃቸው ብዬ ነው።»

ዝም እንድትል በእጄም በዓይኔም ለመንኳት። ጸሐፊው የፍርድ ቤት ጡረተኛ ነውና ብዕሩን አንሥቶ አስጠነቀቃት፤ ወራሽ የሆነ ሰው ለዚያው ኑዛዜ ቢመሰክር ስጦታው ሊፈርስበት ይችላል አላት።

«ሱቁ ይቅርብኝ» አለችው። «እሳቸው ግን አልጃጁም።»

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። ከዚያም ለጸሐፊው እንዲህ አልኩት፦ ይህች ልጅ በራሷ ላይ የምትናገር ሰው እንጂ የእኔ ምስክር አይደለችም፤ ምስክሮቼ እናንተ አራታችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ ቃሏም ይጻፍ፣ ስጦታዋም ይጽና። ጸሐፊው አገጩን እያሻሸ አሰበበትና ጻፈው።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ አልወደድኳትም ነበር። ዝምታዋ ኩራት መስሎኝ ነበር። ያን ቀን «አዎ» ያልኩት ገና በመጣች ዓመቷ ባሏ እንዳይጮህባት ብዬ ነው፤ እኔን እናቱን ግን ተቆጥቶ ይተወኛል ብዬ ነበር። ቁልፉ አልታየኝም። እኔን እንድትጠብቅ ብሎ ከገንዘብ ተቀባይነት ሥራዋ አስወጣት፤ እስከ ደጃፍ ብትወጣ በስልክ ይጠይቃታል። እኔ ከውስጥ፣ እሷ ከውጭ፣ አንድ ቁልፍ ሁለት ሰው አሰረ። መበየጃው ስለተወሰደብን ሥራውን ያለ እሳት አስተማርኳት። ባዶ ሶኬት በሽርጧ ደብቃ ታመጣለች፤ ምሳዬን እስክበላ ገልብጣ ትቆጥራለች። አሁን ሳታይ በጣቷ ብቻ ታውቀዋለች። ሱቁን ስትረከብ አስቀድማ የመምህሩን ማጉያ ትሥራለት። ምስኪን ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሶን አያውቅም።

እዚህ ላይ ከምስክሮቹ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ትዕግሥቱ አለቀና «ይህን ሁሉ ዛሬውኑ ለልጅሽ እንንገረውና ይፍታሽ» አለኝ። መልካም አሰበ። ነገር ግን እኔ በተፈታሁበት ቀን እሷ ትባረራለች፤ ልጄ ንዴቱ እስኪበርድለት ሰው አያስጠጋም፣ እሷም የምትገባበት ዘመድ የላትም። ሱቁን በቁሜ እንዳልሰጣት ውል አዋዋይ ዘንድ በእግሬ መሄድ አለብኝ፤ በየትኛው እግሬ፣ በየትኛውስ በር? ስለዚህ አራታችሁም አፋችሁን ያዙ። ሐኪሙ ይምጣ፣ ጃጅታለች ይበል፤ ኑዛዜዬ ቀድሞታል።

አምስተኛና የመጨረሻ፤ ወረቀቱ ከሰዓት ሠሪው ጋር ወጥቶ በካዝናው ይቀመጥ፤ እኔ ስሞት ይከፈት። ለአንቺ ለምራቴ ግን ይህን ልበልሽ። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህ ጽሑፍ ምንም አይፈይድልሽም። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ እየተነፈስኩ ብታገኚኝ አንዳንዴ ሆድሽ ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ይለኝ ነበር፤ አልቀየምሽም።

ይህ ኑዛዜ ተነቦልኝ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ፣ በእጄ ፈርሜበታለሁ።

ተናዛዥ፦ «ሽቦ»፤ ፊርማና የቀኝ አውራ ጣት አሻራ

ምስክሮች፦ ሰዓት ሠሪው፤ ነርሷ፤ ልብስ ሰፊው፤ ጸሐፊው። አራታችንም ተናዛዧ ሲናገሩ ሰምተን፣ ሲፈርሙ አይተን ፈርመናል።

የጸሐፊው ተጨማሪ ቃል፦ ተናዛዧ፣ ልጃቸው ሲገባ ክፍት እንዳያገኘው በሩ እንደ ልማዱ እንዲቆለፍ አዘዋል። ምራታቸው «እኔ አልቆልፍም» ብለው ጥቂት ተከራክረው ነበር፤ በኋላ እኛ ወጥተን ስንቆም ቆለፉት። ወይዘሮዋ ከውስጥ ሆነው «በደንብ ዞረ?» ብለው ጠየቁ። ምራታቸውም «ዞሯል፣ እማማ» አሏቸው።