ያረረ ማር

ልጄ፣ የሄድሽበት ሁሉ ይቅናሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

ከአሮጌው ቤተ መንግሥት ጀርባ ያለው መጠጥ ቤታችን ጭር ብሏል። ወጣቱ ማዶ የተከፈተው ባር እየገባ፣ ካለሽበት አገር በጠርሙስ ታሽጎ የመጣ የማር መጠጥ በበረዶ ይጠጣል። አክስትሽ አንዱን ይዛልኝ መጥታ «እስቲ ቅመሺው» አለችኝ።

በልጅነትሽ ማሩን እሳት ላይ ረስተሽ ያሳረርሽው ትዝ ይልሻል? ሮጠሽ መጥተሽ «እማዬ፣ እኔ ነኝ» አልሽኝ። ተቆጣሁሽና ወዲያው በረደልኝ። በዚያ ማር የጣልኩትን ጠጅ ግን ደንበኛው ወደደው፤ ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ማሩን አሳርረዋለሁ። ይህን ከእኔና ካንቺ በቀር ማንም አያውቅም፤ አባትሽ እንኳ ቅመም ይመስለዋል።

ቀመስኩት፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያ ያረረ ማር አለ። ላዩ ላይ «የእናቴ እጅ» ተብሎ ተጽፏል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አሉ! አክስትሽ «ምነው፣ አልጣፈጠሽም?» ስትለኝ «ጣፍጦኛል» አልኳት። ምን ልበላት?

በዚያ ብርድ በባዶ ሆድሽ አትውጪ። ፈጣሪ ሥራሽን ይባርክልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ደውዪና እንደያኔው «እማዬ፣ እኔ ነኝ» በይኝ።