የፈቲያ ወንድም

ሰኞ
ጡቴ እንቢ አለ። ማሙሽ ከተወለደ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ይስባል፣ ይስባል፣ ከዚያ ተናዶ ያለቅሳል። አብረን እናለቅሳለን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ደጋግመሽ አስጠጊው፣ ይመጣል» ብላኛለች። መቼ? የጣሳ ወተት ሞከርን፤ አስመለሰው። አጥሚት ጠጣሁ፤ ሆዴ ተነፋ እንጂ ጡቴስ ወይ ፍንክች! እናቴ ልታርሰኝ ከሰሜን ሸዋ ተነስታ ነበር፤ ተኩስ ነው ተብሎ መንገድ ተዘጋና ተመለሰች። ባሌ ታደሰ ያለው መተሐራ፣ ሥራ ላይ ነው።

ማክሰኞ
የልጄ ድምፅ ሰለለ። ፈራሁ፣ በጣም።

ጎረቤቴ ከድጃ ገባች፤ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፣ ግድግዳ እንጋራለን፣ እሷም ልጇን ፈቲያን ታጠባለች። «ላጥባው?» አለችኝ። ክው አልኩ። «ግን ባሌን ጀማልን ላስፈቅድ። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ጠግቦ ከጠባ የፈቲያ ወንድም ነው፤ ኋላ እናጋባቸው ብትይ አልሰማሽም።» ኮስተር ብላ ነው። ነገ ማደሩን ለማላውቀው ልጅ ስለ ሰርግ! እየሳቅኩ አለቀስኩ።

ባሏ ፈቀደ። ታደሰም በስልክ «ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ ጮኸብኝ። ከድጃ «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፤ ና ልጄ» ብላ አቀፈችው። ሲውጥ ድምፁ ይሰማል። ተመስገን። ቀናሁም፣ ምን ልዋሽ።

ረቡዕ
እናቴ ደወለች። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ እየፈራሁ ነገርኳት። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ «ሃሎ» ስል ለካ እያለቀሰች ነው። «እግሯን ሳሚልኝ» አለች። ጎንበስ ስል ከድጃ እግሯን ሰበሰበች፦ «ወላሂ አታደርጊውም!»

መንገድ ዘግተው የሚታኮሱትንም አንዷ አጥብታ ነው ያሳደገቻቸው። ሰላሙን ያውርድልን። ማሙሽና ፈቲያ ይህን ጊዜ አይዩት።

ሐሙስ
ቀሚሴ ረጠበ! ወተት! ጮህኩ። ከድጃ ደንግጣ ግድግዳውን መታች፤ «ምን ሆንሽ?»
«መጣ!»
ከማዶ እልልታዋን ለቀቀችው።

ዓርብ
ከድጃ ለቅሶ ልትደርስ ወለንጪቲ ሄደች፤ ፈቲያን ሙቀቱ ይጎዳታል ብላ እኔ ጋ ተወቻት። ቶሎ እመለሳለሁ ብላ ቀረች። ስልኳ አይሠራም። በዚህ ዘመን ሰው ሲዘገይ የማይታሰብ የለም። ፈቲያ ርቧት ግቢውን በጩኸት አናወጠችው። ወተቴ ለሁለት ይበቃ እንደሆነ አላውቅም፤ አስጠጋኋት። አቤት አሳሳቧ!

ሲመሻሽ ከድጃ እየሮጠች ገባች። መኪና አጥታ ነው። ፈቲያን ጡቴ ላይ ስታይ ደጃፉ ላይ ቆመች፤ ዓይኗ ሞላ። ማሙሽም ነቅቶ ማልቀስ ጀምሯል።

«የቱን ልስጥሽ?» አልኳት።

ነጠላ ጫማዋን አውልቃ አጠገቤ ተቀመጠች።

«የራበውን።»